እናታችን በሸርጣኑ ሰረገላ ላይ

ይድረስ ከባሕር ማዶ ላለው ለምወደው ወንድሜ ለኔዶ፤

እንደምን ከረምክ? ያ በፋብሪካው ብረት የተመታው ትከሻህ ሻረልህ ወይስ አሁንም ዕቃ ስታነሣ ይነዝርሃል? ባለቤትህ ሊዲያስ እንዴት ናት? ልጆቹ አደጉ? ትንሿ ጥርስ አወጣች? እናንተ ዘንድ አሁን በጋ ነው ብለኸኛል። እኛ ዘንድ ግን ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ አጥንት ሰብሮ ይገባል። እኔ ደኅና ነኝ። እማዬም ደኅና ናት፤ ከእሑድ ጀምሮ ጉሮሮዋን ይዟት ድምፅዋ ሻከረ እንጂ የከፋ ነገር አላገኛትም። ድምፅዋ ለምን እንደ ሻከረ ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ፤ ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ለዚሁ ነው።

ከገና በኋላ የጻፍክልን ደርሶናል። «ቤቱን ሽጡትና ተገላገሉ፤ እናታችን በስተርጅናዋ ከሰው ጋር አትናከስ፤ ሲኞር ማልፋቲ የሚሰጣችሁ አፓርታማ ማሞቂያ እንኳ አለው» ያልከውን ለእማዬ አነበብኩላት። ጓዳ ተቀምጣ የዓሣ ቅርፊት እየፋቀች ነበር። አልተቆጣችም። «ኔዶ እዚያ ሐሩር አገር ተቀምጦ ማሞቂያ ናፈቀው?» ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

በአንተ አልፈርድም። ሩቅ ላለ ሰው የሚደርሰው የጭቅጭቁ ወሬ ብቻ ነው። ከተማው ለሁለት እንደ ተከፈለ ታውቃለህ። ማልፋቲ በባሕር ዳሩ ጎዳና ጫፍ፣ የእኛ ቤትና ከፊቱ ያለው ሜዳችን ባለበት ቦታ፣ ትልቅ ሆቴል ሊያቆም ቆርጧል። ከእኛ በቀር ጎረቤቱ ሁሉ ሸጦለት ሄዷል። ሆቴሉ ለወጣቱ ሥራ ያመጣል ይላሉ፤ ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን ትናንሾቹ ጀልባዎች ወደ የብስ የሚጎተቱት በእኛ ሜዳ ነው። መረብ የሚሰጣው በእኛ አጥር ላይ ነው። አጥማጆቹ ጠዋት ከባሕር ሲመለሱ ብርዳቸውን የሚያስታግሱት እማዬ በምትጠብስላቸው ዓሣ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ አፉን ሞልቶ የሚናገር ግን አልነበረም። አጥማጆቹም ቢሆኑ ልጆቻቸው ሥራ ፈላጊዎች ናቸውና አንገታቸውን ደፍተው በልተው ይሄዱ ነበር።

ከጾሙ በፊት የምናከብረው የጭንብል በዓል፣ ካርኒቫሉ፣ ሲቃረብ አንድ ነገር ታዘብኩ። እማዬ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ የሰፈሩ ልጆች ከኋላዋ በጎን በጎን እየሄዱ ይከተሏታል። ዞር ስትል ቀጥ ይላሉ፤ ፊቷን ስትመልስ ደግሞ በጎናቸው ይንሸራተታሉ። መጀመሪያ ጨዋታ መስሎኝ ዝም አልኩ። ከዚያ አንድ ቀን ዳቦ ቤት ተሰልፌ ሳለሁ የሥጋ ሻጩ ሚስት ዘልሚራ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ዲርቼ፣ እናትሽ ጥፍሯን ስንት አሳደገችው? መቁረጫ ላውስሽ እንዴ?» አለችኝ። ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ብቻ ነበርኩ ያልገባኝ።

ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ ለሰልፉ ግዙፍ የወረቀት ምስል የሚሸከሙት ሰረገላዎች ወደሚሠሩበት አዳራሽ ሄድኩ። የሰፈራችንን ሰረገላ ዘንድሮም የሚሠራው ቤራልዶ ነው። ያ አብሮህ በለስ ሲሰርቅ የኖረው፣ እናቱ በወለደችው ማግሥት ስትታመምበት እማዬ ካንተ ጋር አንድ ላይ ያጠባችው ቤራልዶ። በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ። እጁ እስከ ክርኑ ሙጫ ነበር፤ ፀጉሩ ላይ የጋዜጣ ቁራጭ ተለጥፎበታል።

«እስከ እሑድ ማየት ክልክል ነው» አለኝ።

«እናቴ ናት ወይስ አይደለችም? ይህን ብቻ ንገረኝ» አልኩት።

«ካርኒቫል ነው እኮ ዲርቼ። አምና ከንቲባውን አህያ አድርገነው የለም እንዴ? ስቆ አለፈ።»

«ከንቲባው በማግሥቱ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። እናቴን ግን ከቤቷ ሊያስወጧት ነው። የዘንድሮውን እንጨትና ወረቀት ማን ገዛላችሁ?»

ቤራልዶ እጁን በሽርጡ ይጠርግ ጀመር። ሙጫው ደርቆ ስለነበር የሚጠረግ ነገር አልነበረውም። ማልፋቲ ነው ብሎ አልመለሰልኝም፤ አይደለም ብሎም አልመለሰልኝም። ጥዬው ሄድኩ።

ነገሩን ለእማዬ እንዴት እንደምነግራት ስጨነቅ ለካ እሷ ከኔ በፊት ሰምታዋለች። እሑድ ተራራው ላይ ካለችው ከአክስታችን ከኢሶሊና ዘንድ ሄደን እንዋል አልኳት፤ የተራራ ፍሬ ጠብሳ ታበላናለች፣ እሳት ዳር ቁጭ እንላለን ብዬ አባበልኳት። እማዬ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። «ሰው ፊቴን ቤት አሳክሎ ሠርቶልኝ እኔ ጫካ ገብቼ ልደበቅ? ይህ እኮ ለንጉሥም አልደረሰው» አለች። ከዚያ የክት ጥቁር ቀሚሷን አውጥታ አናፈሰች፤ የሠርግ ጉትቻዋን በኮምጣጤ ወልውላ አስቀመጠች። እሷ አንዴ ከቆረጠች የሚመልሳት እንደሌለ ካንተ የበለጠ ማን ያውቃል።

እሑድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ፤ ነፋሱ ግን እንደ ወትሮው ነበር። የመክፈቻው መድፍ ሲተኮስ እኛ በባሕር ዳሩ ጎዳና ሕዝቡን ከሰልፉ ከሚለየው ገመድ አጠገብ ቆመን ነበር። ሕዝቡን ብታየው ጠጠር መጣያ የለም። ከየተራራው የመጣ ገበሬ፣ ከከተማ በባቡር የመጣ ሠራተኛ፣ ልጅ በትከሻው የተሸከመ፣ ጺሙን ተላጭቶ የሴት ቀሚስ የለበሰ፣ የወረቀት ብጥስጣሽ በሰው አንገት ውስጥ የሚጨምር፣ ሁሉም እዚያ ነበር። ለበዓሉ የሚጠበሰው የሩዝ ጣፋጭ ሽታ ከባሕሩ ሽታ ጋር ተደባልቆ አንተ ስትሸሸው የነበረውን የልጅነት ረኀባችንን አስታወሰኝ። አንድ የተኩላ ጭንብል ያጠለቀ ጎረምሳ እማዬ ፊት ቆሞ፣ «እማማ፣ ጭንብልዎ እንዴት ያምራል፤ ከየት ገዙት?» አላት። እማዬም፣ «የኔ ሰባ ዓመት ፈጅቷል የኔ ልጅ። ያንተ ከሱቅ ስለሆነ ነገ ይቀደዳል» አለችው። ጎረምሳው ጭንብሉን ወደ ላይ ገፍቶ እጇን ሳመና አለፈ።

መጀመሪያ ያለፈው ሰረገላ ጨረቃ ነበር። ሁለት የጠፈር ሰዎች ማንኪያ ይዘው እንደ አይብ እየቆረሱ ይበሏታል። ቀጥሎ አንድ ወፍራም ሐኪም፣ ከሆዱ ገንዘብ እያወጣ መልሶ የሚውጥ። ሕዝቡ ይስቃል፣ የሙዚቃ ባንዱ ይነፋል፣ እኔ ግን የሚታየኝ አልነበረም፤ ዓይኔ ከመንገዱ መታጠፊያ አልተነሣም።

ከዚያ የእኛ ሰፈር ሰረገላ መጣ።

ኔዶ፣ ሦስት ፎቅ ቤት የሚያህል ሸርጣን ነው። ቀይ ጀርባው በፀሐይ ያበራል። ከሸርጣኑ አካል ላይ የወጣው ፊት የእማዬ ነው፤ ሻርፗ፣ ከአገጯ በላይ ያለው ምልክቷ፣ ሲያኮርፉባት የምታጠብበው ዓይኗ ሳይቀር። ሁለቱ ግዙፍ ጥፍሮች ከውስጥ በገመድ እየተሳቡ ይከፈታሉ፣ ይገጥማሉ፤ በመካከላቸው አንዲት ትንሽ ቤት አንቀው ይዘዋል። ቤቷ የኛ ናት። አረንጓዴ መስኮቶቻችን፣ ጭስ ማውጫችን፣ መረብ የሚሰጣበት አጥራችን። ከኋላ ደግሞ የአስተናጋጅ ልብስ የለበሱ የወረቀት ወጣቶች ቤቷን በገመድ ይጎትታሉ፤ ሸርጣኑ አይለቅም። ከሥር በትልቁ የተጻፈው የሰረገላው ስም «አልለቅም» ይላል።

ሕዝቡ አገሩን በሳቅ አናወጠው። በእኛ ዙሪያ የነበሩት ግን ቀና ብለው ሸርጣኑን፣ ዝቅ ብለው እማዬን እያዩ አንድ በአንድ ሳቃቸውን ተዉ። እማዬ ቀና ብላ የወረቀቷን ቤት ስታይ አየኋት። የሞትኩት ያን ጊዜ ነው። ክንዷን ይዤ ወደ ቤት ልስባት ስል፣ «የታችኛው መስኮት አንዱ መዝጊያ ተሰብሯል እኮ፤ እነሱ ደኅና አድርገው ሠሩት» አለች፤ ለራሷ እንደምታወራ። ይህን ብላ ክንዷን ከእጄ አላቀቀችና ጎንበስ ብላ በገመዱ ሥር አለፈች።

የማዘጋጃ ቤቱ ደንብ አስከባሪ ፊሽካውን እየነፋ፣ «አርሚዳ፣ ወዴት ነው? ተመለሺ፣ ይደፈጥጥሻል እኮ» እያለ ሮጠ። አልሰማችውም። መሐል ጎዳና ላይ፣ ከትራክተሩ ፊት ለፊት ቆመች። ትራክተሩን የሚነዳው ሽማግሌው ኤቶሬ ነበር፤ ጀልባውን በየቀኑ በእኛ ሜዳ የሚያወጣው ኤቶሬ። ፍሬን ያዘ። ከላይ ያለው ሸርጣን ተወዛወዘ፤ የባንዱ ሙዚቃ ተንጋዶ ተንጋዶ ጸጥ አለ።

«አርሚዳ፣ ዞር በይ በእናትሽ፤ ከኋላዬ ስንት ሰረገላ አለ መሰለሽ» አላት።

«ፊቴን እላይ ሰቅላችሁት እኔ እታች ምን እሠራለሁ? አውጡኝ» አለችው።

ያን ጊዜ ከሸርጣኑ ሆድ ውስጥ፣ ገመድ የሚስብበትን በር ከፍቶ ቤራልዶ ብቅ አለ። ላብ አጥምቆታል። ሲያያት ፊቱ አመድ መሰለ። ምን እንደምትለው ሁላችንም ጠበቅን። እማዬ ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ከዚያ ሸርጣኑን አየች።

«ያጠባሁህን ጡት ረስተኸዋል፤ የቀረው ግን እኔን ይመስላል። በል እጅህን ስጠኝ» አለችው።

ሰው ይሳቅ አይሳቅ ቸገረው። ቤራልዶ እንደ ሕፃን ታዘዘ። እሱ ከላይ እየሳበ፣ ኤቶሬ ከታች እየደገፈ አወጧት። እማዬ ቀሚሷን አራግፋ ከወረቀቷ ቤት ደጃፍ ቆመች። ቤቷ እስከ ወገቧ ድረስ ብቻ ነበረች። አንድ እጇን በጣሪያዋ ላይ አሳረፈች፤ በሌላው እጇ ለባንዱ ንፉ የሚል ምልክት ሰጠች።

ባንዱ ነፋ። ኤቶሬ ሞተሩን አስነሣ። እናታችን፣ ጉልበቷ ደረጃ የማያስወጣት እናታችን፣ ወገቧን ይዛ በጎን በጎን ትጨፍር ጀመር። እንደ ሸርጣን። በጣቶቿ አየሩን እየቆነጠጠች፣ ሁለት እርምጃ ወደ ባሕሩ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ከተማው። እነዚያ ያሾፉባት የነበሩ የሰፈር ልጆች ከገመዱ አልፈው ሰረገላውን አጅበው በጎን በጎን ይሄዱ ጀመር። ቀጥሎ እናቶቻቸው። ቀጥሎ ያ የተኩላው ጭንብል። መንገዱ በሙሉ በጎኑ ሲሄድ ብታይ ኖሮ። ቅድም በእሷ ላይ ሲስቅ የነበረው ሰው አሁን አብሯት ሳቀ፤ ልዩነቱን ጆሮ ይለየዋል፣ እኔ ለይቼዋለሁ። እኔም ከሰረገላው ጎን እየሮጥኩ፣ እያለቀስኩና እየሳቅኩ እከተል ነበር።

ሰረገላዎቹን ከሚያወዳድሩት ዳኞች መድረክ ፊት ሲደርሱ ማልፋቲ ከከንቲባው ጎን ተቀምጦ ነበር። ብልህ ሰው ነውና አልተደናገጠም። ተነሣና ባርኔጣውን አንሥቶ፣ ድምፅ ማጉያውን ተቀብሎ፣ «እማማ አርሚዳ፣ እንግዲህ ታረቅን ማለት ነዋ» አለ። ሰው አጨበጨበ። እማዬ ድምፅ ማጉያ አልነበራትም። ያላትን ጉሮሮ ሁሉ አውጥታ፣ «ሲኞር ማልፋቲ፣ የባሕር ሰው አይደለህምና ላስተምርህ። ሸርጣን ጥፍሩን ቢቆርጡት መልሶ ያበቅላል። አልጣላህም፣ ግን አልለቅም» አለችው። ድምፅዋ የተዘጋው ያን ጊዜ ነው። የቀረውን ሕዝቡ ጮኸላት። «አልለቅም፣ አልለቅም» እያለ እስከ ጎዳናው ጫፍ ሸኛት። ከተማው ሁሉ ከእኛ ጋር ሆነ እያልኩህ አይደለም። በካርኒቫል ቀን ሰው ደስ ያለውን ይጮኻል። ቢሆንም ከዚያ በፊት ያን ቃል እሷና እኔ ብቻ ነበርን የምንለው።

ነገሩ የተለወጠው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ሰረገላዎቹ ከጎዳናው ጫፍ ሲደርሱ የሚዞሩት በእኛ ሜዳ እንደሆነ ታስታውሳለህ። ከአባታችን ጊዜ ጀምሮ እንዲያ ነው፤ ማንም ፈቃድ ጠይቆን አያውቅም፣ እኛም አስፈቅዱን ብለን አናውቅም። ኤቶሬ ሊዞር ትራክተሩን ሲጠመዝዝ የማልፋቲ መሐንዲሶች ሳያስፈቅዱን የተከሏቸው ቀይ ችካሎች ፊቱ ተደረደሩ። ያን ግዙፍ ሸርጣን ከኋላው ይዞ እመካከላቸው ቆመ። ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ችካሎቹን በዓይኑ ተከተላቸው፤ ከአጥራችን እስከ ውኃው ድረስ። ከዚያ ቤራልዶን ጠራው።

«ቤራልዶ፣ ለከርሞ ይህን ጉድ የት ነው የማዞረው? ሆቴሉ ሳሎን ውስጥ?» አለው።

ቤራልዶ ችካሎቹን አየ፤ ከኋላ ተሰልፈው ተራቸውን የሚጠብቁትን ሰረገላዎች አየ። ሌሎቹም ሠሪዎች ከየሰረገላቸው ወርደው መጡ። ዓመቱን ሙሉ ወረቀት ሲለጥፉ የኖሩ ሰዎች፣ ካርኒቫላቸው በማን ሜዳ ላይ እንደሚዞር ያን ቀን ገና ያዩት ይመስል ነበር። እማዬ ከላይ ሆና፣ በተዘጋ ድምፅዋ፣ «ክርክሩን በኋላ፤ እኔ እያለሁ ዙር፣ ብርድ ገደለኝ» አለችው። ኤቶሬ ከችካሎቹ ሁለቱን ነቅሎ በጥንቃቄ ከአጥሩ ሥር አስተኛቸውና ዞረ።

ማክሰኞ ጠዋት ቤራልዶ መጥቶ ደጃፍ ላይ ቆመ። አይገባም፣ አይሄድም። እማዬ ከምድጃው ሳትነሣ፣ «ግባና ብላ። ተቀይሜሃለሁ፣ ቢሆንም ብላ» አለችው። አንገቱን ደፍቶ በላ። ሲጨርስ ሰረገላ ሠሪዎቹ ሁሉ ለማዘጋጃ ቤት፣ ያ ሜዳ ከተዘጋ ሰልፍ የለም ብለው ሊናገሩ መስማማታቸውን ነገረን። ከዚያ ኤቶሬና አጥማጆቹ ገቡ። ኤቶሬ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ዓመት ሙሉ ጥብሷን እየበላ ዝም በማለቱ ማፈሩን ነገራት። እማዬ «ዓሣው ይቀዘቅዛል፣ ተቀመጥ» አለችው።

የሚያስደስተውን ብቻ ልጽፍልህ አልፈልግም። ዘልሚራ ሰላምታ ነሥታናለች። ልጇ በሆቴሉ ሥራ እንደሚገባ ተስፋ አድርጎ የሠርጉን ቀን ቆርጦ ነበር፤ ንዴቷ ይገባኛል። ማልፋቲም ዳኛ ፊት እንደሚያቆመን አስወርቷል። ቦታው ለሆቴሉ ይወሰድ አይወሰድ የከተማው ምክር ቤት ከፋሲካ በኋላ ተሰብስቦ ይወስናል። ልንሸነፍ እንችላለን። እማዬም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

አሁን የኔን ስማኝ። ማልፋቲ አንተ ወራሽ መሆንህን ያውቃልና አንድ ቀን ላንተም መጻፉ አይቀርም። ቤቱን ሽጡ ብለህ ከእንግዲህ እንዳትጽፍ፤ ለእሱም እሺ እንዳትለው። አንተ ዲርቼ ከእናቷ ጋር ታስራ ቀረች ብለህ እንደምታዝንልኝ አውቃለሁ። አትዘንልኝ። ማሞቂያው እኔንም አጓጉቶኝ ነበር፤ ክረምት ክረምት ጣቴ ሲሰነጣጠቅ ያን አፓርታማ አስቤዋለሁ። እሑድ ግን ከሰረገላው ጎን ስሮጥ የምሮጠው ለእማዬ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። እሷ ስታልፍ የሚቀረው ሰው እኔ ነኝ። ያን ምድጃ የማነድደው እኔ ነኝ። ለበጋው ከሜዳው ዳር አምስት ገበታ ልዘረጋ ነው፤ ቤራልዶ እንጨቱን ሊሠራልኝ ቃል ገብቷል፤ የዘልሚራን ልጅ አስተናጋጅ ሁነኝ ብዬ ልጠይቀው ነው። እናቱ ብትሰድበኝ ደግሜ እጠይቀዋለሁ። የምክር ቤቱ ቀን እኔው ራሴ ቆሜ እናገራለሁ። በሕይወቴ ሰው ፊት ቆሜ አልተናገርኩም፤ ያን ቀን እናገራለሁ።

ለሊዲያ ጉንጯን ሳምልኝ፤ የላከችው የሱፍ ክር ለእማዬ ካልሲ ሆኖ አሁን እግሯ ላይ ነው። የበኩርህን ሳንድሮን ፀጉሩን ዳብስልኝ፤ ትምህርቱን እንዳይሰለች አደራ በልልኝ። ለመካከለኛው ለዳሪዮ፣ አያቱ ሸርጣን ሆና መጨፈሯን ንገረው፤ አያምንህም፣ ግን ንገረው። ትንሿን አርሚዲናን እቀፍልኝ። አክስታችን ኢሶሊና፣ ኤቶሬና ጎረቤቶቹ ሁሉ ሰላም ብለውሃል። ቤራልዶም ሰላም ብሎሃል፤ ስምህን ሲጠራ ግን ዓይኔን አላየም።

እማዬ አጠገቤ ተቀምጣለች። የሻከረው ድምፅዋ ይህን ጻፊለት እያለኝ ነው፦ «ኔዶ ከመጣ ክፍሉ አለ። ካልመጣም ክፍሉ አለ።»

እኅትህ ዲርቼ
ማሪና ዲ ሮቬጋ፣ የጾሙ መያዣ ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1969